ሙዚየሙን ያስፈቀድኩበት ሥዕል

ስለ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች የጻፍኩት መጽሐፍ ሊታተም ሲል አንድ ሥዕል ጎደለኝ። ከደባርቅ አልፎ ካለችው ከድብ ባሕር ከተማ ወጣ ብላ ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተልጦ በአያቶቻችን ዘመን ባሕር የተሻገረ የእመቤታችን ሥዕል ነው። ዛሬ ያለው በአንድ የውጭ ሙዚየም ነው። ፎቶውን ለማተም ፈቃድ ብጠይቅ ክፍያ አለው አሉኝ፤ ከሥሩም «የሙዚየሙ ንብረት» ተብሎ እንዲጻፍ።

አሳታሚው ሳቀብኝ።

«ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለ? አውርደህ አስገባው። ማን ጎንደር ድረስ መጥቶ ይከስሃል?»

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር የተከራየሁበትን ግቢ ስዞር ዋልኩ። ብከፍል የራሳችንን መልሼ የምገዛ መሰለኝ። ዝም ብዬ ባወርደውም እንደ ወሰዱት ሰዎች ሳልጠይቅ መውሰዴ ነው። በማግስቱ ፎቶውን ወረቀት ላይ አሳትሜ በደባርቅ ማኪና ተሳፈርኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ለቤተ ክርስቲያኗ አስተዳዳሪ ሰጠኋቸው። ቄሱ ወረቀቱን ተሳለሙ። አጠገባቸው የቆሙ አንዲት እማሆይ ግን አፈጠጡብኝ።

«ማንን አስፈቅደህ ነው የምታሳትማት?»

«ሙዚየሙን ጠይቄያለሁ፣ እማሆይ።»

«ምነው እኛን ሳትጠይቅ?»

«ይኸው ልጠይቅ መጣሁ።»

«መጽሐፍ እኮ መንገድ ላይ ይነጠፋል፤ ሲያረጅ ስኳር ይጠቀለልበታል። እመቤቴ እንዲያ ስትሆን አላይም!»

«ሰው ካላያትስ ከእኛ እንደሄደች በምን ያውቃል?» አሉ ቄሱ።

ምእመናኑ ገቡበትና ክርክሩ ጦፈ። እኔ መቆሚያ አጥቼ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ እነሱ እል ነበር። በመጨረሻ ቄሱ፣ «አትመው፤ የደብራችንን ስም ግን እንዳትተው» አሉኝ። እማሆይ «እኔ የለሁበትም» ብለው ሄዱ።

እከፍላለሁ፣ ግን ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደተወሰደ ይጻፍ ብዬ ለሙዚየሙ መልእክት ላክሁ። መልሱ ዘገየ። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ፣ ሚኒባስ ውስጥ ቆሜ፣ ስልኬን ስከፍት ስዘጋ ሰነበትኩ። ሲመጣ «የተወሰደ» የምትለዋን ቃል «የመጣ» ብለው ለውጠዋታል። ተከራከርኩ። አልበገር ሲሉኝ ከፈልኩ፤ በራሴ ምዕራፍ ውስጥ ግን «የተወሰደ» ብዬ ጻፍኩ።

መጽሐፉ ሲወጣ ይዤ ሄድኩ። ቄሱ መርቀውኝ በነጭ ጨርቅ ሊጠቀልሉት ሲሉ እማሆይ ገጹ እንዲገለጥላቸው ጠየቁ። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሸጋ ናት» አሉ። «እሷ ራሷስ መቼ ነው የምትመጣው?»

ስመለስ እዚያው ማኪና ውስጥ፣ ስልኬ እየተንገጫገጨ፣ ሥዕሉን ራሱን እንዲመልሱ ለሙዚየሙ ጻፍኩ። እስካሁን አልመለሱልኝም።