ቡስኬን ቡሴ ያለው ሰውዬ

ሶዶ ውስጥ ስፓኒሽ የሚያስተምር የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በዛ። ወጣት ሳለ ኩባ ተልኮ ተምሯል። ከተመለሰ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም ወሬውን የሚጀምረው ደረቱን ነፍቶ «እኛ ኩባ ሳለን» ብሎ ነው። እኔ ነርስ ነኝ። የስፔን ሐኪሞች ለነጻ ሕክምና ወደ ክሊኒካችን ሊመጡ ነው ሲባል ጥቂት ቃል ልያዝ ብዬ እሱ ዘንድ ተመዘገብኩ።

ኃላፊ ጊዜ ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ «ቡስካር» ብሎ ጻፈ፤ መፈለግ ማለት ነው። «ፈለግሁ» ለማለት መጨረሻውን ቆርጦ «ኤ» ቀጠለበት። በስፓኒሽ ግን «ከ» የምትሰጠው ፊደል «ኤ» ሲከተላት ድምጿ ወደ «ሰ» ይዞራል። ስለዚህ ባለቤቶቹ ፊደሏን በሌላ ተክተው «ቡስኬ» ይላሉ። እሱ ሳይተካ ጻፈና «ቡሴ» ብሎ አነበበ። ክፍሉም ተከትሎ «ቡሴ» አለ።

ቤት ሄጄ ስልኬ ላይ አየሁት። በማግስቱ «መምህር፣ ቡስኬ ነው የሚባለው፤ ፊደሏ ትቀየራለች» አልኩት።

«ኩባ የኖረው ስልክሽ ነው ወይስ እኔ ነኝ፣ ሲስተር?»

ክፍሉ ሳቀ። ሰው ይሳሳታል፣ በስህተቱ አልናቅሁትም። ስልኩን ስዘረጋለት ግን ለማየት እንኳ አንገቱን አላዞረም። ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለስኩም።

ሐኪሞቹ ሲመጡ ሳይጠራ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለአስተርጓሚነት ከተፍ አለ። የመጀመሪያዋ ታካሚ ከሁምቦ የመጡ፣ ጉልበታቸው ያበጠ እናት ነበሩ። ሰውዬው ይህን ሁሉ ዓመት ሶዶ ኖሮ ወላይትኛ አልለመደም፤ ስለዚህ እኔ ወደ አማርኛ፣ እሱ ወደ ስፓኒሽ ልንመልስ ሆነ።

«መድኃኒት ፈለግሁ፣ አጣሁ ይላሉ» አልኩት።

«ቡሴ» አለ።

ሐኪሟ ግራ ገባት። የማይገባ ነገር በጩኸት የሚገባ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት።

«ቡስኬ?» አለች በትሕትና።

«አይደለም፣ ቡሴ።»

ስፔን ተወልዳ ያደገችውን ሴት በገዛ አፍ መፍቻዋ አረማት። እናትየዋ ወደ እኔ ዞር ብለው በወላይትኛ «ይሄ ሰውዬ ምን አድርጋው ነው የሚቆጣት?» አሉኝ።

«ምንም አላደረገችው» አልኳቸው።

ሐኪሟ በእንግሊዝኛ ወደ እኔ መጣች። በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ተግባባን፣ ከጉልበታቸው ውኃው ተቀዳ፣ ከሰዓት በኋላ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ሄዱ። እሱ ግቢው ውስጥ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው «ሴትዮዋ የምትናገረው የገጠር ስፓኒሽ ነው» እያለ ያስረዳ ነበር። የሚያምነውም አላጣ።

ይኸው እስከ ዛሬ ያስተምራል። በቅርቡ መናኸሪያ ውስጥ የቤሌ አውቶቡስ ስጠብቅ አገኘኝ።

«ሲስተር፣ ምነው ትምህርቱን አቋረጥሽ? ትንሽ ብትቆዪ ሰው ትሆኚ ነበር።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ መምህር» አልኩትና ተሳፈርኩ።