ኮፍያቸውን ያላወለቁት ሽማግሌ

አባቴ ባርኔጣ የሚያደርጉት ለማውለቅ ነበር። ለብርድማ የሹራብ ኮፍያ ይሻል ነበር፤ በየክረምቱ እየገዛሁ ሰጥቻቸዋለሁ፣ እሳቸውም እየመረቁ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። ጆሯቸው በነፋስ እየቀላ ግራጫዋን ባርኔጣቸውን አድርገው ይወጣሉ። መንገድ ላይ ሴት ካዩ ከፍ ያደርጓታል፤ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ቢሮ ከገቡ ያወልቋታል። ካወለቁ በኋላ ውስጧን ወደ ደረታቸው አዙረው ነው የሚይዟት፣ ላብ ያረፈበትን ሰው ማየት የለበትም። አልጋ ላይ አትቀመጥም፣ ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይማ ጭራሽ። ይህን ሁሉ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ከአለቆቻቸው ተምረው፣ ከቤታቸው ይዘውት በወጡት የአገር ቤት ጨዋነት ላይ ደርበውታል።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ካናዳ፣ ኢስት ዮርክ በሚባል ሰፈር እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን፤ እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አባቴ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሒሳብ ይቀበሉ ነበር። መስኮቱን ዝቅ ላደረገ ሁሉ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። አንዳንዱ ሊጠይቁት የፈለጉት ነገር ያለ እየመሰለው ጆሮውን ያቀርባል፣ አንዳንዱ ይስቃል። ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስንጠብቅ ደግሞ ዕድሜው የገፋ ሰው በገባ ቁጥር «ኖር» ብለው ብድግ ይላሉ። የገባው ፈረንጅ ወንበር የለቀቁለት መስሎት አመስግኖ ይቀመጥበታል፣ እሳቸውም ቆመው ይቀራሉ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ አስከሬን የጫነ መኪና ካለፈማ አለቀልን፤ የእግረኛው መብራት እስኪቀየር ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ይላሉ፣ እኔ ክንዳቸውን እየጎተትኩ በእፍረት እሞታለሁ።

እንግዲህ እኔን ሊያገባ ያሰበው ሰው የሚገጥመው እንዲህ ያለ አማት ነበር። እጮኛዬ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ በሱዳን በኩል የመጣ፣ ካናዳ ውስጥ ዘመድ የሚለው የሌለው ልጅ ነው። ቤዝቦል ኮፍያ ከራሱ አይወርድም ነበርና ስንት ወር አሠለጠንኩት፦ በሩ ላይ አውልቅ፣ በግራህ ያዝ፣ ሲነሱ ተነስ፣ ተቀመጥ ካላሉህ አትቀመጥ። ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ነበር። ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ራሱ አይመጣም፤ አባቴ የሚመዝኑት እሱን ሳይሆን የላካቸውን ሰዎች ነው።

የላከው ሦስት ሰው ነበር። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አዛውንት፣ ሁለተኛው ባለታክሲ ጓደኛው። ሦስተኛው ፓርክዴል ሰፈር አብሯቸው የሚኖረው ሰው ናቸው፤ ከኤርፖርት የተቀበሉት፣ ያስጠለሉት፣ ሥራ ያስገቡት እሳቸው ስለሆኑ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። በአባቱ ቦታ የቆሙት እሳቸው ነበሩ።

በየካቲት ወር በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ። እኔ እንደ ደንቡ ኩሽና ገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። አባቴ «ኖር» ብለው ተነሱ፣ እነሱም «በእግዜር» አሉ። ሁለቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አባቴ ተቀብለው ሰቀሉላቸውና እጃቸውን ወደ ሦስተኛው ዘረጉ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ያንን እጅ ጨበጡት። ጆሯቸው ድረስ የተጎተተው ጥቁር የሹራብ ኮፍያ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

የቤተ ክርስቲያኑ አዛውንት ቆመው፣ በወጉ፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አባቴ ዘመድ አማክሬ መልስ እሰጣለሁ አሉ። ይህ የተለመደ ነው፣ ማንም በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ነገር ግን ዘመዳቸው እኔ ብቻ መሆኔን አውቃለሁና እንግዶቹ እንደወጡ ምን ሊያማክሩኝ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ግን አባቴ ነው ብሎ የላከው ሰው ቤቴ ገብቶ ኮፍያውን አላወለቀም። እኔን ካላከበረ አንቺን ማን ያከብርልኛል?»

ሽማግሌ ናቸው፣ በርዷቸው ይሆናል አልኩ። ሂተሩ ቤቱን እንደ ምድጃ አግሎታል አሉኝ። ደሜ ፈላ። በአንድ ኮፍያ የተነሳ ቆሜ ልቀር ነው ወይ አልኳቸው፤ ሕፃን ሆኜ እንኳ እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም። ሦስት ሰው የተቀመጠበትን ሶፋ ትራስ አንድ በአንድ አስተካክለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በማግስቱ ለእጮኛዬ ስደውል ከሥራ ለብሬክ ሲወጣ ኮል እንደሚያደርግልኝ ነገረኝ። ሲደውል ያለኝን ሁሉ አራገፍኩበት፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መርጠህ ጨዋነት ያልነካውን ላክህብኝ እስከማለት ደረስኩ።

«ጋሼ እናታቸው ሞተውባቸው ነው» አለ በመጨረሻ። «ራሳቸውን ተላጭተዋል። እንዳልነግርሽ አስምለውኝ ነበር።»

ነገሩን እየቆራረጠ ነገረኝ። መርዶው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። በእሳቸው አገር ለእናት ወንድ ልጅም ራሱን ይላጫል፤ እንዲያ የተላጨ ራስ ይዞ ልጅ ልጠይቅ ብሎ ሰው ቤት መግባት ደግሞ ሟርት ነው። እጮኛዬ እናዘግየው ብሎ ለምኗቸዋል። እሳቸው ግን ቀኑ ተቆርጧል፣ አንተም ሌላ አባት የለህም ብለው እንቢ አሉ። ጉዳዩ እስኪያልቅ ሁለቱን ሽማግሌዎችም ዝም አሰኝተው፣ ኮፍያቸውን አጥልቀው መጡ። ስለዚህ ማንም ለቅሶ አልደረሳቸውም። እዚህ አገር አንድ ሰው መርዶ መጣበት ከተባለ ከሩቁ ስካርቦሮ ድረስ በሚመጣ ሰው ቤቱ ይሞላል፤ እሳቸው እናታቸውን ብቻቸውን ነበር ያለቀሱት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እጮኛዬ ለአባቴ እንዳልናገር ለምኖኛል። የማለው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ቀጥ ብዬ ወደ ሳሎን ሄድኩ። አባቴ ባርኔጣቸውን በብሩሽ እየጠረጉ ነበር። ስነግራቸው እጃቸው ቆመ።

«እናታቸው?» አሉ። ከዚያ ብሩሹን አስቀመጡና ነጠላዬን እንድይዝ አዘዙኝ። ጉዳዩ ሳያልቅ ልጅቷ ልጁ ወዳለበት ቤት መሄዷ ነውር አይሆንም ወይ ብዬ ጠየቅኩ፤ ለጋብቻ አይደለም የምንሄደው አሉኝ። ስትሪትካር የሚሉትን የከተማ ባቡር ተሳፍረን ፓርክዴል ወረድን።

አባቴ ባርኔጣቸውን ያወለቁት ገና ደረጃው ላይ ነው። በሩን የከፈተው እጮኛዬ ነበር፤ እኛን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፣ እኔም ዓይኑን ሸሸሁ። ጋሼ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል፣ ራሳቸው እንደ ሕፃን ራስ ተራቁቷል። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ኮፍያ ተወረወረ። አባቴ «ይተዉት፣ በእናትዎ» አሉና አጠገባቸው ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ሁለቱም አለቀሱ። አባቴ እናቴ ስትሞት ያለቀሱትን ያህል ነው ያለቀሱት፣ ያላዩዋቸውን ሴትዮ።

«እግዜር ያጥናዎት» አሉ ዓይናቸውን ጠርገው። «ቤቴ ሐዘን ይዘው ገብተው ነበር። እኔ ያየሁት ኮፍያዎን ብቻ ነው።»

ጋሼ የሠርግ ነገር ይዘው ሐዘናቸውን እንዴት ሊያወሩ ይችሉ እንደነበር ጠየቁ፣ ይቅርታም የጠየቁ መሰሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ እናታቸው ብቻ ተወራ። እኔን የሚመለከት አንድም ቃል አልተነሳም፣ ወደ ቤት ስንመለስም አባቴ አልተናገሩም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ለቅሶ መድረስና ልጅ መስጠት ለየቅል ናቸውና እንቢታቸው የፀና መስሎኝ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ጥቂት ቆይቶ እጮኛዬ ደወለ። ጋሼ ሐዘናቸው ከታወቀ ወዲያ በሽማግሌነት መቆም አይገባኝም፣ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ፈልግ ብለውታል። ለአባቴ አስተላለፍኩ።

«እሳቸው ካልመጡ በሩን አልከፍትም» አሉ፣ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ።

መጋቢት ላይ ሦስቱም ተመልሰው መጡ። የበሩ ደወል ሲጮህ እኔ ቦታዬን፣ ኩሽናዬን ይዣለሁ። አባቴ ወደ መስቀያው ሄዱ። ግራጫዋን ባርኔጣ አንስተው ራሳቸው ላይ አደረጉ፣ በሁለት እጃቸው አስተካከሏት። ቤት ውስጥ፣ ያውም እንግዳ ሊቀበሉ! ጃጁ እንዴ ብዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። በሩን ከፈቱና «ኖር» አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን እንደለመዱት አውልቀው ወደ አባቴ ዘረጉ። አባቴ አልተቀበሏቸውም፤ ግራ ተጋብተው መልሰው አደረጉት። ጋሼ ከኋላ ነበሩ። ፀጉራቸው ገና በቅጡ አልበቀለም፤ ዛሬስ የመጣው ይምጣ ያሉ ይመስላል፣ እጃቸው ሊያወልቅ የኮፍያቸውን ጫፍ ይዟል። ቀና ብለው የአባቴን ራስ አዩ። ከዚያ እጃቸውን አወረዱ።

«ተቀመጡ» አሉ አባቴ።

የቤተ ክርስቲያኑ አዛውንት ደንብ አዋቂ ናቸው፤ የመጡበትን ሳይናገሩና መልስ ሳይሰሙ መቀመጥ እንደማይገባቸው ተናገሩ። አባቴ የጋሼን ክንድ ይዘው ራሳቸው በሚቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሌሎቹም ተቀመጡ። አራት ወንዶች ሂተሩ በሚነድበት ሳሎን ውስጥ ባርኔጣና ኮፍያቸውን አድርገው ተያዩ፣ ከአባቴ ግንባር ላብ ወረደ። የመጡበትን ነገር ገና ማንም አላነሳም። እኔ ግን መሰጠቴን አወቅኩ።