አርባ ስምንት ጊዜ ወደ ቀኝ

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤታችንን ምድር ቤት ስናጸዳ ልጄ ናትናኤል አንድ የተቆለፈ ረጅም ሳጥን ጎትቶ አወጣና ክፈትልኝ አለ። ከፈትኩለት። ጠመንጃውን አየና "ዳድ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው መግባት ያለበት" አለኝ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ድገመው አልኩት። አልደገመውም፤ ስልኩን እያየ ወደ ላይ ወጣ። ቆሞ ቢያዳምጠኝ ኖሮ የምነግረውን አሁን እጽፈዋለሁ።

ጠመንጃው ከአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ባሩዱም እርሳሱም በአፉ ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። አንዴ ከተተኮሰ እንደገና ለማጉረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ለችኩል ሰው አይሆንም። እኔ ግን በሃያ ሦስት ዓመቴ ችኩል ነበርኩ፤ የገዛሁትም በእልህ ነው።

ያኔ አሌክሳንድሪያ፣ ጋሽ ኑሩ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ዘይት እቀይር ነበር። ጋሽ ኑሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ እጃቸው ወርቅ፣ ምላሳቸው እሾህ። በየታኅሣሡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ መሬት ላይ አጋዘን ያድኑ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ እኔም ልምጣ፣ አባቴ መተኮስ አስተምሮኛል አልኳቸው።

"አባትህ ጠመንጃ አስይዞ ፎቶ አስነሥቶህ ይሆናል" አሉኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። "እሱን ነው ተኩስ የምትለው?"

እኔን ቢሰድቡኝ እተወው ነበር። አባቴ ግን ከሞተ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ያወረሰኝም ያስተማረኝን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ይህን አሮጌ ጠመንጃ ገዛሁ። ማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ ስኮፑን፣ ማንንም ሳልጠይቅ ራሴ ገጠምኩበት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ውድብሪጅን አልፈን ወደ ደቡብ ነዳን። የታጨደው የበቆሎ ማሳ በውርጭ ነጥቷል። የገና ጾም ስለነበር እኔ ሽሮ በዳቦ ቋጥሬያለሁ፤ ጋሽ ኑሩ በአንድ እጃቸው መሪ፣ በሌላው የተጠበሰ ዶሮ ይዘዋል።

"ጾመኛ አዳኝ" አሉኝ። "አንተ ብትገድልም አትበላም፤ አንተ ያረድከውን ደግሞ እኔ አልበላም። አጋዘኑ በከንቱ ነው የሚሞተው።"

"እርስዎ ዶሮዎን ይብሉ" አልኳቸው። ሁለታችንም ሳቅን።

ገበሬው ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። ደንቡ አንድ ነው አለ፤ መቶ ያርድ ርቆ ጣውላ ላይ የተለጠፈችውን የወረቀት ሳህን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ያልመታ ሰው በእሱ መሬት አያድንም። የቆሰለ አጋዘን ጎረቤቱ ማሳ ገብቶ ሲማቅቅ ማየት አይፈልግም። ዛሬ ሳስበው ትክክል ነበር። እኔ የያዝኩት ስድስት ጥይት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሳህኗ መሀል ስድስት ኢንች ወደ ግራ አረፉ። አልደነገጥኩም፤ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። አባቴ ጠመንጃው ወደ ግራ ሲስትበት አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ ጉጥ በመዶሻ ቀስ አድርጎ ወደዚያው ወደ ግራ ይመታት ነበር። እኔም የስኮፑን ቁልፍ፣ በዚያ ርቀት አራት ቀጭታ አንድ ኢንች ስለሆነ፣ ሃያ አራት ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያደረግሁ ወደ ግራ አዞርኩት። ሦስተኛው ጥይት አሥራ ሁለት ኢንች ርቆ ጣውላውን በሳው።

"ና ላሳይህ" አሉ ጋሽ ኑሩ።

"አልፈልግም።"

"አባትህ ያስተማረህ በወንጭፍ ነው እንዴ?"

ገበሬው በአውራ ጣቱ ወደ መኪናው ጠቆመኝ፤ እዚያ ሆነህ ጠብቅ ማለቱ ነው። እኔ ግን ለመተኮስ በደረቴ ከተኛሁበት መሬት አልተነሣሁም። አንድ የበቆሎ አገዳ አንሥቼ እንደ ጠመንጃ ያዝኩና አሰብኩ። ጉጧ ያለችው ከፊት ነው፤ እሷ ወደ ግራ ስትሄድ፣ እሷን ከዒላማው ለማገናኘት አፈሙዙን ወደ ቀኝ እገፋለሁ። የስኮፑ ቁልፍ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚዞረው ጥይቱ እንዲሄድ ወደምንፈልግበት ነው። አባቴ አልተሳሳተም። ትምህርቱን ያለ ቦታው ያዋልኩት እኔ ነኝ።

አርባ ስምንት ጊዜ ወደ ቀኝ ቆጥሬ መለስኩት።

"ጨርሰህ አበላሸኸው" አሉ ጋሽ ኑሩ።

ገበሬው አሁንም ወደ መኪናው ጠቆመ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "ሦስት ጥይት አለኝ፤ ሳልጨርስ አልነሣም" አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ትከሻውን ሰበቀ።

ባሩዱን ሰፍሬ አፈሰስኩ፣ እርሳሱን ጠቀጠቅሁ፣ ተኮስኩ። የተቃጠለ ድኝ እየሸተተኝ ጭሱ እስኪገለጥ ጠበቅሁ። ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ ገብቷል። አፈሙዙን በጨርቅ ወልውዬ ደገምኩ፤ እሱም ከጎኑ ገባ። የመጨረሻውንም አጉርሼ ተኮስኩ።

ሦስታችንም ሄደን አየን። የመጨረሻዋ ቀዳዳ ከሳህኗ ጠርዝ በጥፍር ስፋት ወጣ ብላለች።

"ነክቷል" አሉ ጋሽ ኑሩ ለገበሬው። "ጠርዙን ነክቷል።"

ገበሬው ወደ እኔ ዞረ። አልዋሽም፤ ነክቷል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። "አልነካም" አልኩትና ጠመንጃዬን ይዤ በገዛ እግሬ ወደ መኪናው ሄድኩ። ሽሮው በብርዱ ጠጥሮ ነበር። ከሰዓት በኋላ በላሁት።

ማምሻውን ስንመለስ ጋሽ ኑሩ እስከ ውድብሪጅ ነዱ። ከዚያ "አባትህ ስማቸው ማን ነበር?" አሉኝ።

"ደምሴ።"

"ነፍሳቸውን ይማር። ደህና አድርገው አስተምረውሃል።"

ናትናኤል ይህን ቢያነብ፣ ላሳይህ ሲሉህ ለምን እምቢ አልክ ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ እሺ ብል ጥይት አላባክንም፣ ያን ቀንም አድን ነበር። ልጆቼን ትዕቢት አይጠቅምም እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ትዕቢተኛ ነበርኩ። ቢሆንም አልጸጸትም። ጓደኞቼ ደግሞ፣ ገበሬው ሊቀበልልህ ነበር፣ በዚህ አገር ማንም ሳይከስህ ለምን ተናገርክ ይሉኛል። እኔ አይቻለሁ። ያቺ ጥይት ዛሬም ውጭ ናት።