የፒካፓችንን ጣሪያ የበሳሁ ዕለት

ማግኔቱ አልያዘም። አንቴናውን ከነመቀመጫው የፒካፓችን ጣሪያ ላይ ሳስቀምጠው ተንሸራትቶ ወደ መስታወቱ ወረደ፤ መልሼ አስቀመጥኩት፣ መልሶ ወረደ። ባሌ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ይስቃል።

«መኪናው ራሱ እምቢ አለሽ እኮ!»

«እኔም እምቢ ብዬዋለሁ» አልኩት።

ለካ የእኛ ፒካፕ ገላው ብረት አይደለም፣ አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ደግሞ ማግኔት አይዝም። ይኼንን የነገሩኝ አሁን የምንኖርባት ከተማ፣ አፕል ቫሊ ስንገባ ጀምሮ ጎረቤታችን የሆኑ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማግኔት ያለውን አንቴና እንድገዛ የመከሩኝም እሳቸው ስለነበሩ ትንሽ አፈሩ።

«በእኛ ጊዜ መኪና ብረት ነበር፣ ጓለይ» አሉኝ። ጓለይ የሚሉኝ ልጄ ለማለት ነው።

አንቴናውን ለምን እንደፈለግሁት ልናገር። ለዓመታት ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሰው ሳነሳና ሳገላብጥ ወገቤ አለቀ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሀይዌዩ ላይ ከግማሽ ቤት ኋላ ተጎተትኩ። አዎ፣ ግማሽ ቤት፤ እዚህ አገር ቤት ለሁለት ተከፍሎ በከባድ መኪና ይጓጓዛል። እንደምንም ቀድሜው ሳልፍ ከፊቱ ቢጫ መብራት የምታበራ ፒካፕ አየሁ፤ የምትነዳው ሴት ናት። ሥራዋ ፊት ፊት እየሄደች ድልድዩ ዝቅ ማለቱን፣ መንገዱ መጥበቡን፣ ዳር ላይ መኪና መቆሙን ለኋለኛው ሾፌር በሬዲዮ መንገር ነው። ይኼ ሥራ የእኔ ነው አልኩ፣ እዚያው መሪውን እንደያዝኩ። ኮርሱን ወሰድኩ፣ ፈተናውን አለፍኩ። የቀረኝ ሲቢ የሚባለው፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ነበር። የሚቀጥረኝ ሰው ሰኞ ጠዋት ከአንድ ሾፌር ጋር በሬዲዮ አነጋግሮ ሊፈትነኝ ቀጥሮኛል። ድምፄ ጥርት ብሎ ካልተሰማ ሥራ የለም።

ባሌ ነገሩን ከመጀመሪያው አልወደደውም። መጀመሪያ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ ተረተብኝ። ዝም አልኩት። ቀጥሎ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለ። እሱን ግን ዝም ብዬ አላሳለፍኩትም።

«የኪችኑ ቧንቧ ወንድ እጅ ከገባ ስንት ጊዜው ነው? መቼ አለቀ?» አልኩት።

ሦስተኛው ግን ተረት አልነበረም። «እንግሊዝኛሽስ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፋርማሲ ስትደውዪ ሦስቴ ያስደግሙሽ የለም ወይ? ሬዲዮ ላይ ማን ይታገስሻል?»

ይኼ ጎዳኝ፣ እውነት ነዋ። ስልክ ላይ የተወለድኩበትን ቀን ስናገር እንኳ «ሶሪ?» ይሉኛል። ፊት ለፊት ሲሆን እጅም ፊትም ያግዛል፤ ሬዲዮ ላይ ግን ያለሽ ድምፅሽ ብቻ ነው። ለብቻዬ ሆኜ የምፈራውን ነገር በአፉ ስላወጣው ከተረቱ ይልቅ በዚህ ተናደድኩበት።

ሽማግሌው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ማቀፊያ ብረት ፈልገው አመጡና አንቴናውን ከኋላ፣ ከጭነት ሳጥኑ ዳር ላይ አሰርነው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሜትር ከሬዲዮው ጋር አገናኙ። ሜትሯ የምትለካው ሬዲዮው ወደ አንቴናው ከሚልከው ኃይል ምን ያህሉ ሳይወጣ ተመልሶ እንደሚመጣ ነው። ብዙ ከተመለሰ ሬዲዮው ራሱን ያቃጥላል አሉኝ። የማይኩን ቁልፍ ስጫን መርፌዋ ሄዳ ቀዩ ውስጥ ገባች። ለእኔ ይኼ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ የተናገርኩት ተመልሶ እኔኑ ሲያቃጥለኝ ስንት ዓመቴ!

«መሃል ጣሪያው ላይ ቢሆን ነበር የሚሠራው» አሉ ሽማግሌው። «ለዚያ ደግሞ መበሳት አለበት። እኔ ግን የሰው መኪና አልበሳም፣ ጓለይ። ባልሽ ይፍቀድ።»

«የሰው አይደለም አባባ፤ የእኔም ስም አለበት።»

«ቢሆንም አልበሳም።»

«እሺ፣ ድሪሉን ያውሱኝ።»

ባሌ ይኼን ሲሰማ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። መኪናውን ይወደዋል። በክረምት የመንገዱ ጨው ይበላዋል ብሎ፣ እጁ እስኪደነዝዝ ሥሩን የሚያጥብ ሰው ነው።

«ጣሪያውን ድሪል ልታደርጊ? ሪሴል ቫልዩውን ዜሮ ልታስገቢው ነው እኮ!»

«ልሸጠው አይደለም፣ ልሠራበት ነው።»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብሽ።»

«አዎ» አልኩት። «አይመልሰኝም።»

የውስጡን የጣሪያ ጨርቅ ዝቅ አድርገን ሽቦ አለመኖሩን አየን። መሰላል ላይ ወጣሁና ጫፉ ላይ ክብ መጋዝ ያለውን ድሪል መሃሉ ላይ ተክዬ ተጫንኩት። ጩኸቱ ሰፈሩን አናጋው። ማዶ ያለችው ሴትዮ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ አየችኝ፤ ትይ! ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ጣሪያው ሲበሳ ቀና ብዬ ባሌን አየሁት።  ገብቶ ፕላስተር ይዞ መጣና ቀለሙን እንዳይቧጭረው ብናኙን እያጣበቀ ያነሳ ጀመር። ፊቱ እንደተቋጠረ ነው፣ ግን ያነሳል።

መቀመጫውን ውሃ እንዳያስገባ ከነጎማው አጠበቅነው፣ ገመዱንም በበሩ ምሰሶ ውስጥ አወረድነው። ሽማግሌው ሜትሯን እያዩ እኔ አንቴናውን በጥቂት በጥቂቱ አሳጠርኩት። በመጨረሻ መርፌዋ ከቀዩ ወጥታ ግራው ጥግ ላይ ተኛች።

ለመሞከር ጎረቤት ከተማ በርንስቪል፣ ሀይዌዩ መግቢያ አጠገብ ወዳለው ነዳጅ ማደያ ነዳሁ። ባሌ ሳልጠራው ገብቶ ጎኔ ተቀመጠ። ከባድ መኪኖቹ ተደርድረው ቆመዋል። ሾፌሮቹ የሚሰበሰቡበት ቻናል ላይ አደረግሁና ማይኩን አነሳሁ።

«ሬዲዮ ቼክ» አልኩ፣ በእንግሊዝኛዬ። «አዲስ አንቴና እየሞከርኩ ነው። የሚሰማኝ አለ?»

 ሳቅ መጣ። አንዱ አነጋገሬን ቀድቶ፣ «ር»ዋን እንደ እኔ አንከባልሎ መልሶ ተናገረው። ሌላው «የሆነች አያት መንገድ ጠፍቷት ነው፤ ደግሞ ይኼ ምን ዓይነት አክሰንት ነው?» አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስለ ራስ የሚወራውን ከሰው ሁሉ ኋላ ነው የሚሰሙት። እኔ ግን ገና ከአፋቸው ሲወጣ፣ ትኩሱን ሰማሁት። ፊቴ ነደደ። ባሌ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እንሂድ በቃ» አለኝ።

አልሄድኩም። የማይኩን ቁልፍ ተጫንኩ።

«አክሰንት እንዳለኝ ካወቅህ እያንዳንዱን ቃሌን ሰምተሃል ማለት ነው» አልኩት ሰውዬውን። «ስለዚህ አንቴናዬ ይሠራል፣ ታንክ ዩ። አሁን የጠየቅሁህን መልስ።»

 ያው ስለ አክሰንቴ የጠየቀው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና «ጥርት ብለሽ ትሰሚያለሽ» አለ፣ ሳይስቅ። ሰኞ ጠዋትም ሾፌሩ ያንኑ ነው ያለው፣ ሥራውንም አገኘሁት። የዚያን ዕለት ግን ሞተሩን ላስነሳ ስል ባሌ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ መናገር ጀመረ።

«እኔ ሥራ ቦታ ሬዲዮ አላወራም» አለኝ። ፕሊማውዝ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። «ሁላችንም ወገባችን ላይ ሬዲዮ አለን። ገና እንደገባሁ አንዴ ተናገርኩበት፤ ክረምቱን ሙሉ አነጋገሬን እየቀዱ ሲስቁብኝ ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ሲጠሩኝ አልመልስም። ወርጄ፣ በእግሬ ሄጄ ነው የምነግራቸው።»

ስንት ዓመት እግሩን በሙቅ ውሃ ሳሽለት ኖሬያለሁ! ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ነው ይለኝ ነበር። በእነሱም ተናደድኩ፣ በዝምታውም ተናደድኩ። ማይኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምን ልበል?»

«የፈለግከውን። ቁልፉን እንደተጫንከው እስከቆየህ ድረስ ሳቃቸውን አትሰማም። ይኼ ነገር እየተናገሩበት አይሰሙበትም።»

ማይኩን እያገላበጠ ቆየ። ከዚያ ተጫነውና በአማርኛ ጀመረ። መጀመሪያ ተንተባተበ። ቀጥሎ ስለ ፎርክሊፍቱ አወራ፣ ስለ ሱፐርቫይዘሩ አወራ፣ ያን ክረምት የሳቁበትን በየመልካቸው እያነሳ ወረደባቸው። እሑድ እሑድ ቸርች መዘምራን መሃል የሚቆመው ባሌ፣ በትዳራችን ዘመን ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ተሳደበ። ሾፌሮቹ ሁሉ ቻናላቸውን ተቀምተው ይጠብቃሉ። ድምፁ ሲሰበር አውራ ጣቱን ከቁልፉ ሊያነሳ ሲል እጄን በእጁ ላይ ጭኜ ያዝኩለት።

«ገና ነህ» አልኩት። «ጨርስ።»