አርባ ጥንድ እግር

ዛሬ ኮልፌ ያለውን ጓሮዬን ስቆፍር፣ ከእርጥቡ አፈር ቀጭን ቢጫ መቶ እግር እየተጥመለመለች ወጣች።

ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ፣ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር፣ እንዲህ ያሉትን አረቄ በተሞላ ጠርሙስ ያስቀምጡ ነበር። አንድ ቀን አጉሊ መነጽራቸውን ሰጡኝና፣ «ዝርያዋ የሚለየው በእግሯ ብዛት ነው፤ ጥንድ ጥንዱን ቁጠሪልኝ» አሉኝ። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ጠፋብኝ። ጓደኞቼ ውጪ ሱዚ ዘርግተው ይጠሩኛል፤ የእኔ እግር አላርፍ አለ።

«አርባ ጥንድ!» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ጠርሙሱ ላይ ለጠፉት።

የመቶ እግር ጥንዶች ቁጥር ምንጊዜም ጎዶሎ እንደሆነ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አሁንም የዚህችኛዋን እግር ልቆጥር ጎንበስ አልኩ፤ አሥራ አንድ ላይ ስደርስ አፈር ውስጥ ገባችብኝ።

ጋሽ ወልዴ ግን አርባ ሊሆን እንደማይችል ያኔም ያውቁ ነበር። ታዲያ ውሸቴን ለምን ለጠፉት?