ለቡ መሳቢያ ውስጥ የቀረው ካርዴ

ሽማግሌ ሲመርቃችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ “አሜን” እያላችሁ፣ በዚያው ቅጽበት የምትፈልጉት ነገር ከጀርባችሁ ሲሄድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ጢ፣ ጢ፣ ጢ ይላል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

ከአገር የወጣሁት በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ ነው። የለቡ መብራት ኃይሉ ቤታችን ገና ዶሮ ዶሮ ይሸታል። እማዬ የድፎውን ግማሽ በፌስታል ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከመጽሐፎቼ በላይ ጠቀጠቀችው። ወንድሟ ጋሼ ተፈራ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ የጎረቤት መኪና ተውሰው ሊሸኙኝ መጡ። እስከ ቦሌ ድረስ አደረሱኝ።  ፓስፖርት ይዣለሁ፣ ቲኬት ይዣለሁ፣ የሥራ ውል ይዣለሁ። ካርዱን ግን አልያዝኩም።

መምህር ነኝና ሳላስረዳ ማለፍ አይሆንልኝም። መካኒሳ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር። ሩዋንዳ፣ ኪጋሊ ያለ ትምህርት ቤት ለአዲሱ ተርም ቀጠረኝ። ከእኔ በፊት እዚያ ያስተማረች ሰላም የምትባል የአገሬ ልጅ ስትለቅ አንድ ክፍል አገናኘችኝ፤ ከፊት ለፊት ያለ፣ ሸለቆውን የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለው። ፎቶውን ላከችልኝ፤ እኔም ለእማዬ አሳየሁ፤ እማዬም ለሰፈሩ አሳየች። የአከራይዋ ቃል አንድ ነው፤ እንደደረስኩ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ በዶላር፤ ካልሆነ ክፍሉ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስለዚህ የአዲሱ ኑሮዬ ነገር በዚያ ክፍያ ላይ ተንጠለጠለ።

የመንገደኛ ካርድ ለማታውቁት፣ ባንክ ሄዳችሁ ፓስፖርትና ቲኬት ታሳያላችሁ፣ በብር ትከፍላላችሁ፣ እነሱ ደግሞ ዶላር ካርድ ላይ ይሞሉላችኋል። የምታወጡት እዚያ ስትደርሱ ነው። እኔ ግን ለኪራዩ የሚሆነውን በእጄ ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት እማዬንና ጋሼ ተፈራን አስከትዬ እዚያው ለቡ ያለው ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ እኩያዬ ነው። የበዓል ወረፋ አድክሞት ክራባቱን አላልቷል።

“ከካርዱ ላይ ጥቂቱን በኖት ብትሰጡኝ?”

“ኖት የለም።”

“ዶላር አለ ብላችሁ ሞላችሁልኝ እኮ።”

“አለ። ካርዱ ላይ ነው ያለው።”

ጋሼ ተፈራ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስገቡ። “የኔ ልጅ፣ እዚህ ከሌለ የት ነው ያለው?”

“ሲስተም ላይ ነው አባባ።”

“ሲስተሙ ፎቅ ላይ ነው?”

ልጁ አልሳቀም፤ ለመሳቅም ጉልበት አልነበረውም። “ውጭ ያለው ማሽን ላይ ትንሽ ሞክሪው” አለኝ። “እዚህ የሚሰጥሽ ብር ነው። ካርዱን ካነበበው ግን እዚያም ይሠራልሻል።”

ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ የምለው ይህንኑ ነው፤ ከፈተና በፊት እርሳስህን ቅረጽ። ወጣን። ካርዱን አስገባሁ። የሚስጥር ቁጥሬን ስነካ ጋሼ ተፈራ ጀርባቸውን ሰጡኝ፤ ጥበቃውንም “አንተም ዙር” አሉት። ማሽኑ አነበበው። እማዬ በረጅሙ ተነፈሰች።

ልክ ያኔ እትዬ ዘይነባ ከታክሲ ወርደው መጡ። የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከስልጤ መጥተው እዚሁ ቅመም እየነገዱ ልጆች ያሳደጉ። ሕማማት መሆኑን ስለሚያውቁ ሊስሙኝ አልሞከሩም።

“ሰኞ ነው አይደል የምትሄጂው? ሰኞ ገበያ ነኝ፤ ላላገኝሽ ነው። እዚሁ ልመርቅሽ።”

ዞርኩና እጆቼን ዘረጋሁ።

“አላህ ይቅደምልሽ።”

“አሜን።”

“የረገጥሽው ይለምልም።”

“አሜን።”

“እጅሽ ባዶ አይሁን።”

ጢ፣ ጢ፣ ጢ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ከብሩ በፊት ካርዱን ያወጣል። ቶሎ ካልወሰዳችሁት ሌባ እንዳያገኘው ብሎ መልሶ ይውጠዋል። አሳቢ ማሽን ነው። ምርቃት ደግሞ መዳፍ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ ፊት ወደ መራቂው ሆኖ፣ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ይህን ክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረኝም፤ ክንዴ ግን ያውቀዋል። ወደ እማዬ አየሁ። ዓይኗን ጨፍናለች። ጋሼ ተፈራ መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ጥበቃው እንኳ ዱላውን ጉልበቱ መሃል አጣብቆ “አሜን” ይላል።

“ሠርግሽን ያሳየን። ወልደሽ ሳሚ። ለወገን መከታ ሁኚ።”

“አሜን።”

ማሽኑ ዝም አለ።

“ዋጠው” አለ ጥበቃው፣ እትዬ ዘይነባ ከሄዱ በኋላ። “ሰምቼዋለሁ። ግን ምርቃት እንዴት ብዬ ላቋርጥ?”

ወደ ውስጥ ስንመለስ ማሽኑን የሚከፍቱት ሰዎች ወጥተዋል፣ ቅዳሜ ኑ ተባልን። ዓርብ ስቅለት ነው። ቅዳሜ ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ቆመናል። መስኮቱ ላይ ያው ልጅ ነው።

“ማሽኑ የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ነው። አንዱ እኔ ጋ አለ።”

“ሁለተኛውስ?”

“ደሴ።”

“ቁልፍ ምን ሊሠራ ደሴ ሄደ?” አሉ ጋሼ ተፈራ።

“ቁልፉ እዚሁ ካዝና ውስጥ ነው አባባ። የካዝናውን ቁጥር የሚያውቀው ሰውዬ ነው ደሴ ያለው። ለበዓል ቤተሰቡ ጋ ሄዷል፤ ማክሰኞ ይገባል።”

“ደውሉለትና ቁጥሩን ይንገራችሁ።”

“በስልክ የሚናገር ሰው ቢሆን መጀመሪያም አይሰጠውም ነበር።”

ጋሼ ተፈራ ይህን መልስ ወደዱት መሰለኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ከመንገድ ላይ ሰው ዶላር ልግዛልሽ ያለኝ ዘመድ ነበር፤ እማዬ እሳት ሆነችበት። ስለዚህ እንዳለሁ ሄድኩ።

ኪጋሊ ጽዱ ከተማ ናት። ዳገት ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፣ ሌላ ዳገት ይጠብቃችኋል። ክላክስ የሚያደርግ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ሰሞን የሆነ ሰው የሞተ እየመሰለኝ ዝምታው ያስጨንቀኝ ነበር። ሞቶ የሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ ነጂ ከክንዱ ላይ ሄልሜት አውልቆ ይሰጣችኋል፤ የቀድሞው ተሳፋሪ ጭንቅላት ሙቀት ገና አልወጣለትም። በሚያዝያ ነሐሴን የሚያስንቅ ዝናብ ይጥላል። ድንች መስሎኝ የጎረስኩት ቅቅል ሙዝ ሆነ፤ ባቄላ ይጨመርበታል፤ ደግ ምግብ ነው፣ ሆድ ይይዛል፤ ግን ምንም ነገር አይጎመዝዝም። ለካ ምላስ ኮምጣጣ ይናፍቃል።

አከራይዋ ማዳም ጎሬት በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። “ሙራሆ” አልኳት፤ ሰላምታቸው ነው። በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ።

“ቅድሚያውስ?”

“ካርድ ላይ ነው።”

“ካርዱስ?”

“ማሽን ውስጥ።”

“ማሽኑስ?”

“አዲስ አበባ።”

ቡናዋን አስቀመጠች። “ይህን ነገር ለሌላ አከራይ ነግረሻል?”

“አልነገርኩም።”

“እንዳትነግሪ።”

ክፉ ሰው አይደለችም። የፊተኛውን ክፍል ቆልፋ ከጓሮ ያለውን በወር በወር እንድከፍል ሰጠችኝ። ከሰል የምታከማችበት ክፍል ነው፤ ፍሪዘሯም እዚያው አለ። ሞተሩ ሲነሳ አልጋዬ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ከሰል የነካውን እጅጌዬን ያዩታል። ደመወዜ ለዚያ ክፍልና ለሆዴ ይበቃል፤ የሦስት ወር ቅድሚያ ግን አይወጣውም። ማዳም ጎሬት “ለፊተኛው ክፍል ሌላ ሰው እስኪመጣ ልጠብቅሽ” አለችኝ።

ከደሴ የመጣው ሰውዬ ማክሰኞ ካርዱን አወጣው። እማዬ ልትቀበል ሄደች።

“ባለቤቷ ራሷ ካልመጣች አንሰጥም።”

“ለመምጫ ቲኬት የሚሆን ካላት ካርዱ ምን ያደርግላታል?”

ልጁ አሰበበትና መፍትሔ ነገራት። ከኪጋሊ ውክልና ብልክ ካርዱን ይሰጧታል፤ ወደዚህ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። በጣም ቀላል ነገር ነው። ሮጬ ወረቀቱን አዘጋጀሁ፤ እስኪያልቅ ግን ጥቂት ሳምንታት ሄዱ። የቀረው መላክ ብቻ ነው። ወረቀቱ ባለቀበት ሳምንት ማዳም ጎሬት የፊተኛውን ክፍል አንድ ነርስ አይታው እንደሄደች፣ ነርሷም ሰኞ መልስ እንደምትሰጣት ነገረችኝ። ቅዳሜ ደወልኩ።

“እማዬ፣ ውክልናውን ልልከው ነው።”

“የምኑን?”

“የካርዱን።”

“ካርዱማ ደህና ነው። አሁን አይቼው መምጣቴ ነው።”

“አየሽው?”

“ልጁ መሳቢያውን ከፍቶ ያሳየኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ጎራ እላለሁ። ጥበቃውም ወንበር ያወጣልኛል፤ ‘ልጅሽ እንዴት ናት?’ ይለኛል። ስምሽ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ንጹሕ ነው።”

“ካርዱ ቢደርሰኝ እኮ ባለ መስኮቱን ክፍል እይዘዋለሁ።”

  በእሷ በኩል የሰፈራችን ውሾች ይሰማሉ፤ አንድ የታክሲ ረዳት “ጀሞ፣ ጀሞ” ይላል።

“እማዬ?”

“ይቀመጥ” አለች። “እህል አይበላ፣ ውሃ አይጠጣ። መጥተሽ ትወስጂዋለሽ።”

ከዚያ ስለ ጋሼ ተፈራ ጉልበት አወራችኝ፣ ስለ ውሃ ፈረቃ አወራችኝ፤ ስለ ካርዱ ግን አልተመለሰችበትም። ወረቀቱ ፍሪዘሩ ላይ ተቀምጧል። ዛሬ እሑድ ነው።

ገና ከአገር ያልወጣችሁ፣ እናንተም ሞክሩትና ንገሩኝ። ራሳችሁ ካልመጣችሁ በቀር ለማንም የማይሰጥ አንድ ነገር ሰፈራችሁ ትታችሁ ውጡ። እናታችሁ እየሄደች ታየዋለች። እየደወላችሁ ደህንነቱን ጠይቋት፤ ስትመልስላችሁ ድምጿን ስሙት። ከዚያ በኋላ “ላኪልኝ” ለማለት ሞክሩ።