ሽማግሌ ፊት የቀረበው ሲዲ

ኮምፒውተር ጥገና የተማርኩት ከሰው ጋር ላለመጨቃጨቅ ነበር። ዲላ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፍቼ ብዙም ሳልቆይ ግን ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ለአንድ ሃርድ ዲስክ ስሟገት ተገኘሁ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። አንደኛዋ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ የሚተይቡ ሴት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ሌላው ከመርካቶ ዕቃ እያመጡ የሚሸጡ ነጋዴ፣ ጋሼ። የሚጠቀሙት በአንድ፣ በጋሼ የመብራት ቆጣሪ ነው። ከጋሼ ሱቅ በግድግዳው ቀዳዳ የሚያልፍ ገመድ ለእትዬ ቤት መብራት ይሰጣል። ሲፈላለጉም የሚጠራሩት በዚያው ቀዳዳ ነበር።

የእትዬ አሮጌ ኮምፒውተር ተማሪዎች ጽሑፍ በሚያስረክቡበት ሰሞን ሞተ። ጋሼ አዲስ አመጡላቸው፤ ሲስተም ያልተጫነበት፣ ባዶ። ጫን ተብዬ ተጠራሁ። እትዬ የሚተይቡበት የአማርኛ ፕሮግራም ኤክስፒ ከሚባለው አሮጌ ሲስተም ሌላ አይወድም፤ እሳቸውም ከዚያ ፕሮግራም ሌላ አይወዱም። የኤክስፒ መጫኛ ሲዲዬን ከተትኩ። ሰማያዊው ስክሪን ብዙ ካሰበ በኋላ ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም አለ። ያነበብኩትን ነገርኳቸው።

«የለም?» አሉ እትዬ።

«የለም ይላል።»

ከዚያ ወዲያ የሰማኝ የለም። ሲዲው የተሠራው እንዲህ ያለ ዲስክ ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ አያውቀውም፣ ድራይቨር የሚባል የሚያስተዋውቀው ፋይል ይፈልጋል ብዬ ለፈለፍኩ። ሳጥኑን ፈትቼ ዲስኩን አሳየኋቸው። እትዬ በጣታቸው አንኳኩት። «ይሄ ነጋዴ ቆርቆሮውን ትቶ ሆዱን አውጥቶታል» ብለው ፈረዱ። ሳይመሽ መናኸሪያው ሁሉ ሰማ። ጋሼ በአንድ ሲዲ ቃል ሌባ ሆኑ፤ ደንበኞቻቸውም አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሌላ ሱቅ ያልፉ ጀመር። አሳዘኑኝ፤ በእትዬም ተናደድኩ።

ጉዳዩ ለሽማግሌ ተሰጠ። ሰብሳቢው፣ ይርጋጨፌ ከተማ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ቡና ሲመዝኑ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። እትዬ ቤት ተቀመጥን፤ ሽምግልናው በጸሎት ተከፈተ።

«ምስክሩ ይቅረብ» አሉ።

ምስክሩ ሲዲው ነው። ከተትኩት። የለም አለ።

«ድገመው። ምስክር ሲደነግጥ ይሳሳታል።»

ደገምኩት። አሁንም የለም።

«ዕድሜው ስንት ነው ይሄ ምስክር?»

«አርጅቷል አባባ። አዲሱን ዲስክ አያውቀውም።»

«እንግዲያው አስተዋውቀህ መልሰህ አምጣው» ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ማስተዋወቁ በወሬ ብቻ ቀላል ነበር። ሲዲው ሲነሳ ድራይቨር ካለህ በፍሎፒ፣ በዚያ በድሮው ስስ ዲስኬት፣ ስጠኝ ይላል፤ አዲሱ ማሽን ደግሞ የፍሎፒ አፍ የለውም። ቢኖረውስ? መንደሩ ውስጥ የቀረውን ፍሎፒ እትዬ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አድርገውታል። ስለዚህ ሲዲውን እንዳለ ወደ እኔ ኮምፒውተር ገልብጬ፣ ድራይቨሩን መሃሉ ከትቼ፣ በሌላ ባዶ ሲዲ ላይ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ምስክሩን እያስጠናው ነው!» ብለው ከሰሱኝ። አንድ ሽማግሌ ታዛቢ ሆነው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ወዲያውም አንቀላፉ። መብራት መሃል ላይ ጠፍቶ አንድ ሲዲ ሲበላሽ እንኳ አልነቁም።

በቀጠሮው ቀን ሲዲው ዲስኩን አወቀው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እትዬ ግን ካርቶኑን ይዘው መጡ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁለት መቶ ሃምሳ ጊጋባይት፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት።

«የቀረውስ የት ገባ?» አሉ። ዲስኩን የሰረቁት ጋሼ አሁን ደግሞ ከዲስኩ ላይ ቀንሰው ሰረቁ።

ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ በሺህ ሃያ አራት ይቆጥራል ብዬ አስረዳሁ። ሁሉም በአዘኔታ አዩኝ። ጋሼ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ይህን ጊዜ አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እሸት ቡና ሲደርቅ ሚዛኑ ምን ይሆናል?»

«ይቀንሳል» አሉ ሁሉም።

«ይሄስ ከመርካቶ እዚህ ድረስ መኪና ጣሪያ ላይ፣ በፀሐይ አይደል የመጣው? ደርቋል በቃ።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬም ነቀነቁ። ላርማቸው አፌን ከፈትኩ፤ የጋሼን ፊት አይቼ መልሼ ዘጋሁት።

እትዬ ተነሥተው ይቅርታ ጠየቁ። ጋሼ ወደ በራው ስክሪን በጣታቸው ጠቆሙ።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ግን ይሄ ዕቃ የለም፣ የለም እያለ ሲመሰክርብኝ፣ በማን መብራት ነበር የሚያወራው?»

እትዬ ገመዱን በዓይናቸው እስከ ግድግዳው ቀዳዳ ድረስ ተከተሉት።